ስፒዶሜትር ሲሳሳት፦ መለካት፣ ምክንያቱን መለየትና ማስተካከል

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ መኪና አስፋልት ብቻ አይደለም የሚረግጠው፤ ፒስታውም ኮብልስቶኑም አለ። ስለዚህ ጎማ የመቀየሪያው ቀን ሲደርስ ጎሚስታውን «ትንሽ ከፍ ያለ ግጠምልኝ» ማለት የተለመደ ነው። የመኪናው ሆድ ከድንጋይ ይድናል። ስፒዶሜትሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክሉን አይናገርም። የጎማው ዙሪያ ሲያድግ ቸርኬው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር መኪናው የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፤ ጌጁ ደግሞ የሚቆጥረው ዙር እንጂ ርቀት አይደለም። ቀስቱ 100 ላይ ቆሞ መኪናው 105 ይሄዳል፤ የትራፊክ ፖሊሱ ራዳር የሚያነበው 105ቱን ነው፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው የሚፈልገው መቆሚያ ርቀትም የ105ቱን ያህል ነው።

ጎማ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ዲፈረንሻል ሲለወጥ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ካምቢዮ ሲገባ፣ ገመድ ሲደርቅ፣ የጎማ ኩሽኔታ በግልባጭ ሲገጠም፣ የጌጁ ቀስት ተነቅሎ ያለ ቦታው ሲመለስ ስፒዶሜትር ይሳሳታል። ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ጎማ ላይ ሆኖ ዳሽቦርድ ይፈታል፣ ገመዱ ደርቆ ሳለ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሙሉ ጌጅ ይገዛል። ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ልኬት ይቀድማል።

ልኬቱ

ጎማዎቹ ቀዝቃዛ እያሉ አየራቸውን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው መጠን ያስሞሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ሆነው ይውጡ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ይመዘግባል። ብቻዎን ሆነው ስልክ እያዩ መለካት አይገባም። ስልኩ ላይ ፍጥነት የሚያሳይ የጂፒኤስ መተግበሪያ ከተከፈተ በኋላ ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ቦታ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ።

መለኪያዎቹ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ይሁኑ። ቀስቱን በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይያዙት፤ ጂፒኤስ ከመኪናው አንድ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነዳጅ እየሰጡ የተነበበ ቁጥር ዋጋ የለውም። የ40ውና የ60ው እሁድ ማለዳ ጭር ባለ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ይሠራል። ለ80 እና ለ100 ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተመቸ ነው። ወደ ሱሉልታ የሚያሻግረው የእንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፍጥነት አንድ ላይ አይጸናም።

ስልኩን ማመሳከር ከፈለጉ የኪሎ ሜትር ምልክት በቆመበት መንገድ ላይ ቀስቱን 80 ላይ አጽንተው በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ጊዜ በሰዓት ይያዙ። 3600ን በሰከንዱ ሲያካፍሉ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። አንድ ኪሎ ሜትር በ80 ልክ 45 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ100 ደግሞ 36። ቀስቱ 80 እያለ 43 ሰከንድ ከወሰደ መኪናው የሚሄደው 83.7 ነው። አንዱ ምልክት ያለ ቦታው ተተክሎ ሊሆን ስለሚችል ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ላይ ይድገሙት።

አሁን ወረቀቱን ይመልከቱ። ልዩነቱ ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ከሄደ፣ ማለትም 40 ሲያሳይ 42፣ 80 ሲያሳይ 84፣ 100 ሲያሳይ 105 ከሆነ፣ ችግሩ የጎማ፣ ካምቢዮው ላይ ገመዱን ወይም ሴንሰሩን የሚያዞረው ትንሽ ጥርስ ወይም የዲፈረንሻል ነው። በሁሉም ፍጥነት ልዩነቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ 40 ሲያሳይ 45፣ 80 ሲያሳይ 85፣ ቀስቱ ያለ ቦታው ተተክሏል። ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚዘል ከሆነ ገመዱን ወይም የሽቦ ማያያዣውን ይጠርጥሩ። ጭራሽ ካልተነሳ ከካምቢዮ እስከ ጌጅ ባለው መንገድ አንድ ቦታ ተቋርጧል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ከፋብሪካ የወጣ ስፒዶሜትር ሆን ተብሎ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ይደረጋል። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ወደ ላይ ግን የእውነተኛውን 10 በመቶና 4 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይፈቅዳል። መኪናው በእውነት 80 እየሄደ ቀስቱ 84 ወይም 85 ቢል ብልሽት አይደለም፤ አይንኩት። መስተካከል ያለበት ዝቅ አድርጎ የሚያነበው ነው።

የጎማው ሒሳብ

ቪትዝ ላይ 165/70 አር14 ወልቆ 185/70 አር14 ገባ እንበል። የቸርኬው 14 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 355.6 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ግድግዳ የስፋቱ (የ165ቱ ወይም የ185ቱ ሚሊ ሜትር) 70 በመቶ ነው፤ ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ይባዛል። የድሮው 355.6 + 2 × 115.5 = 586.6 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 355.6 + 2 × 129.5 = 614.6 ሚሊ ሜትር። 614.6 ለ586.6 ሲካፈል 1.048 ይመጣል፤ ስለዚህ ቀስቱ ያው ቁጥር ላይ ቆሞ መኪናው ከበፊቱ በ4.8 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ቀድሞ 5 በመቶ ከፍ አድርጎ ያነብ የነበረ ከሆነ ግን አዲሱ ጎማ ስህተቱን አጥፍቶለታል ማለት ነው። ሳይለኩ ማስተካከያ መግዛት የማይገባው ለዚህ ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ሒሳቡን ያስጀምራል እንጂ ጎማ ከመኪናው ክብደት በታች ትንሽ ይተኛል፤ የሚንከባለልበት ዙሪያ ከተሰላው በ3 በመቶ አካባቢ ያንሳል። ትክክለኛውን ለማግኘት ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ሹፌሩ ተቀምጦ ሳለ የጎማው መሬት የነካበትን ቦታና መሬቱን በጠመኔ ያስምሩ። መኪናውን ቀጥ አድርገው 10 ሙሉ ዙር ይግፉት፤ ጠመኔው ዳግም መሬት ሲነካ መሬቱን ያስምሩና በሜትር ይለኩ። ከላይ ያለው አዲሱ ጎማ 18.7 ሜትር አካባቢ ይሰጣል። 10 ዙር የሚባለው በመለኪያ ላይ የሚፈጠረው የአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስህተት እንዲከፋፈልና እንዲጠፋ ነው።

መበላትም ይቆጠራል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ 1.6 ሲደርስ የጎማው ቁመት በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀንሷል፤ በቪትዝ ጎማ ላይ ይህ ከ2 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ልኬትም ማስተካከያም በአዲስ ጎማ ይሠራ፤ ጎማው ሲበላ ንባቡ ወደ ደህናው ወገን፣ ወደ ላይ፣ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ከፍታ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ስፒዶሜትሩን አይነካውም።

ገመድ ያላቸው መኪኖች

ዲኤክስ ኮሮላ፣ የቀድሞዎቹ ሃይሉክስና ሃይኤስ ከካምቢዮው ጀርባ የሚነሳ የሚሽከረከር ገመድ አላቸው። ገመዱ ጌጁ ውስጥ ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ ሳይነካው የአሉሚኒየም ኩባያ ይጎትታል፤ ኩባያው ላይ ቀስቱ ተተክሏል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ሞላ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። በጃፓን መኪኖች ልኩ ገመዱ በኪሎ ሜትር 637 ጊዜ እንዲዞር ነው፤ በሌላ አነጋገር በ60 ፍጥነት በደቂቃ 637 ዙር። የአውሮፓ መኪኖች ቁጥር ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በጌጁ ፊት ላይ በትንሹ ታትሞ ይገኛል።

ቀስት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። ከጌጁ ጀርባ መያዣውን ተጭነው ያላቁና የውስጡን ገመድ ከላይ ይሳቡት። ተበጥሶ ከሆነ ቀሪው ከካምቢዮው በኩል ይወጣል። በላምባ ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ይዘው መሀሉን እንደ ፈረስ ኮቴ ያንጠልጥሉት። አንዱን ጫፍ በጣቶችዎ ቀስ ብለው ሲያዞሩ ሌላው ጫፍ እኩል አብሮ መዞር አለበት። ቆም ብሎ ከዘለለ ገመዱ ተቆልምሟል፤ ማቃናት አይቻልም፣ ይለወጣል። ጫፉንም በብርሃን ይዩት፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ጠርዞቹ የሰሉ መሆን አለባቸው። ጠርዞቹ ተበልተው የሚያብረቀርቁና የከበቡ ከሆነ ገመዱ በማግኔቱ መያዣ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ቀስቱ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ሲመልሱት ከታች ያለውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ በግራፋይት ግሪስ በስሱ ይቀቡት። የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ይሁን። ገመዱ ሲሽከረከር ግሪሱን ወደ ላይ ይስባል፤ ጌጁ ውስጥ ከገባ ኩባያውን ከማግኔቱ ጋር ያጣብቀውና በክረምት ማለዳ መኪናው ሲነሳ ቀስቱ በአንዴ 120 ላይ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ጌጁ ተቃጠለ ብሎ ሌላ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ግሪስ ይበላሻል። የገመዱ መንገድም ሰፊ ቅስት ይኑረው፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በጠበበ ማጠፊያ ካለፈ ቶሎ ይበጠሳል።

ንባቡ በመቶኛ ከተሳሳተ ሥራው ካምቢዮው ላይ ነው። ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ በውጤት ዘንጉ የሚዞር ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለ፤ የጥርሱ ብዛት ይቆጠራል ወይም ላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጥርሱ ሲበዛ ገመዱ ይዘገያል፣ ንባቡ ይቀንሳል። ጥርሱ ሲያንስ ንባቡ ይጨምራል። ሒሳቡ፦ የድሮው ጥርስ ብዛት በድሮው የጎማ ቁመት ይባዛል፣ በአዲሱ ይካፈላል። ሃይሉክስ ላይ 255/70 አር15 (738 ሚሊ ሜትር) ወልቆ 265/70 አር16 (777 ሚሊ ሜትር) ቢገባና በፊት የነበረው ጥርስ 33 ቢሆን፣ 33 × 738 ÷ 777 = 31.3 ይወጣል። በፊት ልክ ያነብ የነበረ ጌጅ በእውነተኛ 100 ላይ በ32 ጥርስ 98 ያሳያል፣ በ31 ጥርስ 101። 31ን ይምረጡ፤ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ ወደሚያነበው ያዘንብሉ።

አቀያየሩ ቀላል ነው። መኪናው ደልዳላ ላይ ይቁም፣ ካምቢዮው ይቀዝቅዝ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገቱ። አካባቢውን መጀመሪያ በብሩሽ ያጽዱ፤ የፒስታ አቧራ ካምቢዮ ውስጥ ከገባ የሚያስከትለው ጉዳት ከስፒዶሜትሩ ይብሳል። የገመዱን ዳዶ በእጅ ወይም በፒንሳ ይፍቱ፣ መያዣውን የያዘውን ባለ 10 ቁልፍ ቡሎን ያውጡ፣ መያዣውን እያወዛወዙ ይሳቡ። ጥቂት ዘይት ስለሚፈስ ከታች ጣሳ ያስቀምጡ። ጥርሱን የያዘችውን ትንሽ ክሊፕ ሲያወጡ በእጅዎ ይሸፍኗት፤ ከዘለለች አትገኝም። አዲሱን ጥርስ አስገብተው የጎማ ቀለበቱንና የዘንጉን የዘይት መያዣ አብረው ይለውጡ። የድሮው ቀለበት ደርቆ ስለሚሆን ከተመለሰ ከሳምንት በኋላ ዘይት በገመዱ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ጌጁ ላይ ይደርሳል። ሲገጥሙ በኃይል አይግፉት፤ እጅዎ ሳይጨነቅ መግባት አለበት። ከድሮው በብዙ ጥርስ የተለየ ከሆነ ስፋቱም ስለሚለይ ከዘንጉ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ወይ ይበላዋል ወይ ሳይነካው ይቀራል።

ዲፈረንሻል የተለወጠበት ሃይሉክስም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል፤ ፍጥነቱ የሚነበበው ከካምቢዮው መውጫ ስለሆነ ከዲፈረንሻሉ በፊት ነው። 4.1 የነበረው 4.556 ከሆነ ገመዱ በ11 በመቶ ይፈጥናል፣ ንባቡም በዚያው ልክ ይጨምራል። የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ግን ንባቡ ከዲፈረንሻሉ በኋላ ስለሚወሰድ ይህ ለውጥ አይነካውም።

ጌጁ ራሱ ሲጠረጠር

ጌጁን ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ ያረጀ ገመድ ቁራጭ በመሰርሰሪያ አፍ ይሰኩና ወደ ጌጁ ያስገቡት። ፍጥነቱ የሚቆጣጠሩት መሰርሰሪያና የዙር መለኪያ ያስፈልጋል። በ637 ዙር ቀስቱ 60 ላይ፣ በ1274 ዙር 120 ላይ መቆም አለበት። ቀስቱ ወደ ታች ማቆሚያው ላይ ከተጫነ አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ወዲያው ያቁሙ። በ60 ልክ ሆኖ በ120 ብዙ ከተሳሳተ ሞላው ወይም ማግኔቱ ደክሟል፤ ሞላውን መንካት የልምድ እጅ ስለሚፈልግ ለጌጅ ሠሪ ይስጡት።

ቀስት ብቻ ያለ ቦታው ከሆነ ዜሮ ላይ አይትከሉት። ጥቅልል ሞላው ቀስቱን ማቆሚያው ላይ በትንሹ ተጭኖ ስለሚይዘው ማቆሚያው እውነተኛው ዜሮ አይደለም፤ ዜሮ ብሎ የተተከለ ቀስት በሁሉም ፍጥነት እኩል የሚሳሳተው ለዚህ ነው። የጌጁ ፊት እንዳይጫር ወረቀት ዘርግተው በሁለት የፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ ግራና ቀኝ እኩል እያነሱ ይንቀሉት። መሰርሰሪያውን በ637 ዙር እያዞሩ ቀስቱን 60 ላይ ይጫኑት። በጥልቀት ከተጫነ ፊቱን ይፈትጋል፤ ከስሩ የስስ ካርቶን ያህል ክፍተት ይተው።

ሴንሰር ያላቸው መኪኖች

ገመድ በሌላቸው ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ በአንድ ዙር 4 የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል፤ 637 በ4 ሲባዛ በኪሎ ሜትር 2548 ምት ማለት ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ማያያዣ ላይ ቁልፉ ተከፍቶ አንዱ የባትሪ ኃይል ያሳያል፣ አንዱ ምድር ነው፣ ሦስተኛው ምልክቱን ያደርሳል። በአምፖል አይፈትሹ፤ በመልቲሜትር ብቻ።

የፊት ጎማ በሚነዳ መኪና አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስተው ሌላ ድጋፍ ከስር ያድርጉ፤ ሌሎቹን ጎማዎች ያግቱ፤ ማርሹ ነፃ ይሁን። ጎማውን በእጅ ሲያዞሩ የምልክቱ ሽቦ ከዜሮ ወደ ላይ እየዘለለ መመለስ አለበት። አንዱ ጎማ ብቻ ሲዞር ዲፈረንሻሉ ግማሹን ስለሚሰጥ በአንድ ዙር 2 ወይም 3 ምት ይታያል፤ ያንሳል ብለው ሴንሰር አይግዙ። ሞተር አስነስተው በማርሽ ማዞር አደገኛ ነው፤ አያስፈልግም።

መልቲሜትሩ ኸርዝ (በሰከንድ ስንት ምት እንደሚመጣ) የሚለካ ከሆነ በጉዞ ላይ ጥፋቱ የሴንሰሩ ይሁን የጌጁ ይለያል። ጂፒኤሱ 60 ሲል 42.5 ኸርዝ፣ 100 ሲል 71 ኸርዝ መነበብ አለበት። ኸርዙ ልክ ሆኖ ቀስቱ ከተሳሳተ ጌጁ፣ ኸርዙ ራሱ ካነሰ ጎማው ወይም ጥርሱ ነው።

ጥርስ ማግኘት ካልተቻለ በምልክቱ ሽቦ መሀል የሚገባ ማስተካከያ ሳጥን አለ። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከቁልፍ በኋላ የሚመጣ በፊውዝ የተጠበቀ ኃይል፣ ንጹህ የቦዲ ምድር፣ የተቆረጠው የምልክት ሽቦ ሁለት ጫፎች። ከሴንሰር የሚመጣው ወደ መግቢያው፣ ወደ ጌጅ የሚሄደው ወደ መውጫው። የሚሰጡት ቁጥር እውነተኛው ፍጥነት ለንባቡ ሲካፈል የሚመጣው ነው፤ ቀስቱ 80 እያለ ጂፒኤስ 84 ካለ 1.05። መጋጠሚያውን በካውያ በይደው በሚጠብቅ ላስቲክ ይሸፍኑ፤ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ በኮብልስቶን ንዝረት ይላላና ቀስቱ መዝለል ይጀምራል። ሳጥኑ ዳሽቦርድ ሥር ይቀመጥ፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ላቫጆ ሲታጠብ ውሃ ይገባበታል። በጭነትና በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ላይ የታሸገ የፍጥነት መገደቢያ ካለ ሽቦውን አይቁረጡ፤ ገጣሚው ራሱ አስተካክሎ መልሶ ያሽገው።

ፍጥነትን ከኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚጠብቀው ሥርዓት) ሴንሰር የሚወስዱ አዳዲስ መኪኖች ላይ አንድ ጥፋት ደጋግሞ ይታያል፦ ኩሽኔታ በተለወጠ ማግስት የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ በአንዳንዱም ቀስቱ አብሮ ይሞታል። የእነዚህ ኩሽኔታ አንድ ጎን ማግኔት የተቀባ ቀለበት አለው፤ ወደ ሴንሰሩ መዞር ሲገባው በግልባጭ ይገጠማል። ከመግጠም በፊት ቀጭን የወረቀት መያዣ ሽቦ ወደ ሁለቱም ጎን ያስጠጉ፤ በስሱ የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይሆናል። ጠንካራ ማግኔት አያስጠጉት፤ ቀለበቱን ያበላሸዋል። በኤሌክትሪክ መኪናና ሁሉንም በካን መስመር (የመኪናው ኮምፒዩተሮች በሚነጋገሩበት የጋራ ሽቦ) በሚያስተላልፍ መኪና ላይ ሽቦ መቁረጥ አይሞከርም፤ የጎማ ልክ በመመርመሪያ ኮምፒዩተር የሚለወጥባቸው አሉ፣ ለሌሎቹ ወደ ፋብሪካው የጎማ ልክ መመለስ ነው።

ከማናቸውም ማስተካከያ በኋላ አራቱን ልኬቶች ይድገሙ። የጥርስና የሳጥን ለውጥ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አብሮ ያስተካክላል፤ ቀድሞ የተቆጠረው ግን እንዳለ ይቀራል፣ መንካትም አይገባም፤ ቁጥር መመለስ ገዢን ማታለል ነው። የዘይት ቅያሪ ቀኑ እንዳይዛባ ማስተካከያው የተሠራበትን ቀን፣ የቆጣሪውን ቁጥርና ስህተቱ ስንት በመቶ እንደነበር በዘይት መቀየሪያው ካርድ ላይ ይጻፉ። 5 በመቶ ዝቅ አድርጎ ሲቆጥር በነበረ መኪና ላይ ቆጣሪው 5000 ሲል ሞተሩ 5260 አካባቢ ሄዷል፤ የሚቀጥለው ቅያሪ በዚያ ልክ ይቅደም።